በቀለብ ወለድ የተሠራው ሽንት ቤት

በእኛ በኩታህያ ሴራሚክ ያልተለጠፈበት ነገር ቢኖር የሰው ምላስ ብቻ ነው። ምንጩ፣ መስጊዱ፣ የዳቦ ቤቱ ግንባር፣ የሀብታም መቃብር ሁሉ ሴራሚክ ለብሷል። በእንዲህ ያለ ከተማ ሴራሚክ አንጣፊ ያገባች ሴት እንጀራዋን ከነዋስትናው አገባች ማለት ነው። ስለዚህ ሙኔቨር ሻኪር ኡስታን (እኛ የእጅ ባለሙያን ኡስታ እንላለን) ስታገባ ሰፈርተኛው ሁሉ «እጁ ወርቅ ነው፣ ታድለሻል» እያለ መረቃት። እውነትም እጁ ወርቅ ነበር። ውሃ ልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ ውስጥ ያለችው አረፋ ራሷ የምትፈራው ይመስል ወዲያ ወዲህ ሳትል መሃል ላይ ቀጥ ትልለት ነበር። ሰዎች «ዝንብ እንኳ ሻኪር የለጠፈው ግድግዳ ላይ ታንሸራትታለች» ይሉ ነበር። ግን ምን ያደርጋል! የሰውን ግድግዳ ሲያቃና የኖረ ሰው የገዛ ቤቱ ሲዘምም አላየውም። በሃምሳ ዓመቱ አፋፍ ላይ ለሁለት ወር ሥራ ቡርሳ ከተማ ሄደ። የአንዲት ፔሪሃን የምትባል ሴት ፀጉር ቤት ግድግዳ ሊለጥፍ ሄዶ፣ ግድግዳው ካለቀ በኋላ እሱ ራሱ እዚያው ተለጥፎ ቀረ።

ፍርድ ቤት ሲፋቱ ዳኛው ለሙኔቨር በወር አራት መቶ ሊራ ቀለብ ቆረጡላት። ዛሬ አራት መቶ ሊራ ይዞ ጣፋጭ ቤት የገባ ሰው አንድ ኪሎ ባቅላዋ ይዞ ከወጣ ዕድለኛ ነው። በዚያን ጊዜ ግን አራት መቶ ሊራ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቤት ያሞቃል፣ መብራት ይከፍላል፣ ለሴት ልጅ ደብተርና ጫማ ያሟላል። ሻኪር አራት ወር በፖስታ ቤት ላከ። በአምስተኛው ወር ሙኔቨር ፖስታ ቤት ሄዳ ወረፋ ያዘች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። በስድስተኛውም ሄደች። በሰባተኛው ወር የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ገና ከበር ሲያያት አንገቱን መነቅነቅ ጀመረ። በስምንተኛው ቀረች። የፍርዱን ወረቀት አራት ላይ አጥፋ ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመችው። ለምን አልከሰሰችም? ኩራት ነው? ሞኝነት ነው? ወይስ አንድ ቀን ራሱ በሩን አንኳኩቶ «ይኸው» ይላታል ብላ ነው? እሷ ከቆርቆሮው ሌላ ለማንም አልተናገረችም፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር ይጠብቃል።

መከራ የሚባል ነገር ቤት ሲመርጥ ወንድ የሌለበትን በር ያውቃል። ባልየው በሄደ በዓመቱ እናቷ ሃይሪዬ ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ሙኔቨር ቀን ቀን የሰው ቤት ታጸዳለች፣ በተረፋት ሰዓት የሻሽ ዳር በመርፌ ትጠልፋለች። አራት የወርቅ አምባሮቿ አንድ በአንድ ከክንዷ ወረዱ። የመጀመሪያው ለሐኪም፣ ሁለተኛው ለክረምት ከሰል፣ ሦስተኛው ለጣሪያው ሄደ። አራተኛውን ለልጇ ለነርሚን አስቀምጣው ነበር። ነርሚን በአሥራ ስምንት ዓመቷ አንካራ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ደረሳት። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነጥብ ያመጣ ልጅ አልነበረም፤ ዳቦ ጋጋሪው ለሦስት ቀን ዳቦ በነፃ ሰጣቸው። ትምህርቱ በነፃ ነው። ማደሪያው፣ መጓጓዣው፣ መጽሐፉ፣ እህሉ ግን በነፃ አይደለም። ሙኔቨር አራተኛውን አምባር ሸጣ ቁጭ ብላ አሰላች፤ ልጅቱን እስከ ኅዳር ብቻ ያደርሳታል። ከኅዳር በኋላ በወር አራት መቶ ሊራ ቢኖር ይበቃ ነበር... አራት መቶ ሊራ! ነርሚን ሻንጣዋን ፈታች። በሳምንቱ ሴራሚክ ፋብሪካ ገብታ የቀለም መርጫው ክፍል ቆመች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆመች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስናገረው አፌን ይከብደኛል፤ ሳልናገረው ግን ታሪኩ አይቆምም። በኢድ ዋዜማ እኛ ሁላችን መቃብር እንወጣለን። ሃይሪዬም አንድ ዓመት «አባትሽን ሳላየው ኢድ አይሆንልኝም» ብለው በከዘራና በልጃቸው በሙኔቨር ትከሻ ኮረብታውን ወጡ። የመቃብሩ በር አጠገብ ሽንት ቤት ይሆናል ተብሎ የተጀመረ ክፍል አለ። አንድ በጎ አድራጊ አራቱን ግድግዳና ጣሪያውን አቁሞ ቧንቧውን ካስገባ በኋላ ገንዘቡ አልቆበት ትቶት ሄዷል። በር የለው፣ መቀመጫ የለው። ወንዱ ከጥዱ ጀርባ ይሄዳል፤ ሴት ግን ምን ታድርግ? ሃይሪዬ ሕዝቡ መሃል ቆመው ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው ከንፈራቸውን አነቃነቁ፤ ከዚያ ቀሚሳቸው እስከ ጫማቸው ረጠበ። እኚያ ሴት በዕድሜያቸው ፀጉራቸውን ለጎረቤት ወንድ አሳይተው አያውቁም። አንድ ቃል አልተናገሩም። ቤት ገብተው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን መቃብር ያዩት ሰው ተሸክሞ ሲወስዳቸው ነው።

እንግዲህ ቆርቆሮውን የከፈተችው ነርሚን ናት። ሻይ ፈልጋ ከፍታ ፍርድ አገኘች። አንብባው ስትጨርስ ሻይ መፈለጓን ረሳችው፤ በማግስቱ እናቷን እጅ እጇን ይዛ ጠበቃ ሴልጂን ዘንድ አስቀመጠቻት። ሴልጂን ወጣት ናት፤ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«እትዬ ሙኔቨር፣ የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ?»

«አልሻገተም እኮ ልጄ።»

«እርስዎ ዘንድ አልሻገተም። ሕጉ ግን እያንዳንዱን ወር አሥር ዓመት ሲሞላው ያሻግተዋል። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ከፊት ከፊት እየተበላ ይሄድ ነበር።» የሒሳብ ማሽኗን አወጣች። «መቶ አሥራ ሰባት ወር አልከፈለም። ዋናው አርባ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሊራ ነው። በዓመት ዘጠኝ ከመቶ ወለድ አለው፤ እያንዳንዱ ወር ከዘገየበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ወለዱ ሃያ ሺህ አምስት መቶ ይሆናል።»

«ወለዱን ተዪው» አለች ሙኔቨር።

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ። የሙኔቨር አባት ባንኩ ሳይጠይቁት ወለድ ቢጨምርላቸው ገንዘቡን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለመስጊዱ ሽንት ቤት በር ማሠሪያ የሰጡ ሰው ናቸው። «ወለድ ሆድ አይገባም፤ መስጊድም አይገባም፤ መግቢያው ሽንት ቤት ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በየከተማችን ስንት ቧንቧና ስንት የሽንት ቤት በር በወለድ እንደቆመ ፈጣሪ ያውቃል። ሴልጂን ይህን ሰምታ ስታበቃ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ሌላም ጉድ አለ። ሰውየው ከፋፍሎ ቢከፍል፣ ሕጉ መጀመሪያ የገባውን ገንዘብ ለወለዱ ነው የሚይዘው። ዋናው የሚመጣው በኋላ ነው።»

«ሕጉ መጀመሪያ ሐራሙን ያጎርሰኛል ማለት ነው?»

«እርስዎ ከፈቀዱ ዋናው ይቅደም ብለን እንጽፋለን።»

«ጻፊ። ወለዱን ደግሞ ሰርዢው።»

ይህን የሰማችው ነርሚን ወደ ፊት ጠጋ አለች። በጣቶቿ ጥፍር ሥር የፋብሪካው ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ታጥቦ የማይለቅ ነው።

«እማዬ፣ አትሰርዢው» አለች ቀስ ብላ። «ዋናው ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን አድርጊ። የዘገየው ዕድሜ ግን የኔ ነው።»

ሙኔቨር ልጇን አየቻት። ከዚያ ጠበቃዋን «አትሰርዢው» አለቻት።

የፍርድ አፈጻጸም ቢሮው የክፍያ ማስጠንቀቂያ ሻኪርን ያገኘው ቡርሳ አልነበረም፤ እዚሁ ኩታህያ፣ እኅቱ ሐጀር ቤት፣ መስኮት ሥር ያለ ሶፋ ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያለ ጭንብል የቆረጠው ሴራሚክ ብናኙን ሳንባው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንሥቶ «ውስጥህ የለጠፍከውን ግድግዳ እኔ ማንሣት አልችልም» አለው። ፔሪሃን ደግሞ «ሳልህ ደንበኛ አባረረብኝ» ብላ ልብሱንና የሲሚንቶ ማንካውን አንድ ከረጢት ውስጥ አድርጋ አወጣችለት። ሻኪር ማስጠንቀቂያውን በተቀበለ በሦስተኛው ሳምንት የቀድሞ ቤቱን በር አንኳኳ። ሙኔቨር ከፈተች። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰባ ይመስላል።

«ገባ ልበል?» አለ ትንፋሹን እየፈለገ።

«ደረጃው ላይ ተቀመጥ። አንተ ነህ የሠራኸው፣ ያውቅሃል።»

ተቀመጠ። እሷ በሩ መሃል ቆመች።

«ሙኔቨር፣ እንዴት ከረምሽ?»

«አሥር ዓመት ለዘገየ ሰላምታ ወለድ ይታሰብበት ይሆን? ጠበቃዬን ልጠይቃት።»

ሊስቅ ብሎ ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪያልፍ እሷም አላቻኮለችውም፤ ገብታ ውሃ አመጣችለት።

«የአባቴን የቼሪ ማሳ ሸጥኩት» አለ። «ዋናው ነገ አፈጻጸም ቢሮ ይገባል። ሙሉውን። ወለዱ ግን የለኝም። ከማሳው ሌላ ምንም የለኝም።» ውሃውን ጎንጨት አለ። «የሐኪሙን ወሬ ሐጀር ነግራሽ ይሆናል። ሞቱን አይደለም የፈራሁት። የሰው ሐቅ ይዤ መሄዱን ነው። እሱን ፈጣሪ እንኳ ባለቤቱ ካልማረ አይምርም። ሐላል በይኝ፣ ሐቅሽን ማሪኝ ልል ነው የመጣሁት።»

ምን ትበለው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? አንድ ቃል ናት። አንዷን ቃል ለማውጣት ግን መቶ አሥራ ሰባት ወር አቋርጣ መምጣት ነበረባት፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ የረጠበ ቀሚስና የተፈታ ሻንጣ ተጋድመዋል።

«ዋናውን ሳገኝ ስለ ዋናው እነግርሃለሁ» አለችና በሩን ሳታጋጭ ዘጋችው።

ዋናው ገባ፤ እስከ መጨረሻዋ ሊራ። ሙኔቨር ገንዘቡን በነርሚን ስም ባንክ ከተተችው። ወለዱ ቀረ። ሐጀር በሦስተኛው ቀን መጣች። ሐጀር አፏ እንደ መቀስ ነው፤ ገና ከበሩ ትጀምራለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራስሽን በሻሽ ጠቅልለሽ ወለድ ልትበዪ ነው?»

«አልበላውም።»

«እንግዲያው ማሪው። ወንድሜ ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሐቅሽን ሲቆጥር ያድራል።»

«አልምረውምም።»

«አትበዪው፣ አትምሪው፤ ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው፣ ልትቀብሪው?»

መልሱ ለሙኔቨር የመጣላት በሳምንቱ የእናቷን መቃብር ልትጎበኝ ኮረብታውን ስትወጣ ነው። ያ በር የሌለው ክፍል እንደ ድሮው አፉን ከፍቶ ቆሟል። አንዲት አሮጊት በአጥሩ ጥግ ዙሪያዋን እየተገላመጠች፣ ልጇ ቀሚሷን እንደ መጋረጃ ዘርግታላት ቁጭ ብላለች። ሙኔቨር ቆመች። የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ ወለድ መግቢያው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከመቃብሩ ሳትወርድ የመቃብሩን ጠባቂ ፈልጋ ቁልፍ የሌለውን ክፍል ቁልፍ ጠየቀችው። እሱም በደስታ ሰጣት፤ የሌለ ነገር መስጠት ማንን ይጎዳል?

ሴልጂን ውሉን ስትጽፍ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ሴራሚክ አንጣፊ በቀን ስምንት መቶ ሃያ ሊራ ያገኛል። ሃያ ሺህ አምስት መቶ ሊራ ሃያ አምስት ቀን ይሆናል። ሻኪር ኡስታ ሃያ አምስት ቀን ሠርቶ የመቃብሩን ሽንት ቤት ሴራሚክ ለጥፎ ቢጨርስ ወለዱ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ከተማው ሰማ። ሻይ ቤቱ ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ሰው በወለዱ ቤት ይሠራል፣ ሻኪር ሽንት ቤት» ተባለ። ሻኪር ግን ውሉን ሲፈርም እንደ ሙሽራ ጢሙን ተላጭቶ ነበር የመጣው።

ነርሚን ከፋብሪካው ጠርዛቸው የተነካ ነጭና ሰማያዊ ሴራሚኮች በርካሽ አመጣች። የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ በየቀኑ በስምንት ሰዓት ኮረብታውን ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን አባቷን ያገኘችው መቁረጫ ማሽኑን ሊያስነሣ ጎንበስ ሲል ነው።

«ኡስታ፣ እርስዎ ይለጥፉ እንጂ አይቁረጡ» አለችው። «እርስዎ» ስትለው ፊቱ እንደ ተመታ ሆነ፤ ግን ቀና አላለም።

«ማን ሊቆርጥ ነው?»

«እኔ። ውጭ፣ በውሃ እያረጠብኩ። ብናኙ አይደርስብዎትም።»

«ትችያለሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካ ቆሜያለሁ። ፋርማሲስት ብሆን ኖሮ አልችልም ነበር።»

ሻኪር ማንካውን አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ አስኬደው፤ አንዴ የሚበቃውን ቦታ።

እንዲህ ሆኖ ቀናቱ ሄዱ። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ታቀብላለች፤ እሱ ይለጥፋል። አምስት ሴራሚክ ይለጥፍና ባልዲው ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ይጠብቃል፤ ትንፋሹም እንደ ዘመድ አኩርፎ ቆይቶ ይመጣል። ሐጀር በየምሳው ምስር ሾርባ በድስት ይዛ መጥታ «የዓለም አንደኛው ቤተ መንግሥት አለቀ ወይ?» እያለች ትሳለቃለች፤ ድስቱን ግን ባዶ ሳይሆን አትወስድም። ሙኔቨር ለቁጥጥር እያለች ትመጣለች። ውሃ ልክ ራሷ ይዛ ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች፤ አረፋዋ መሃል ላይ ናት። ውሃ ልኩን አስቀምጣ ትመለሳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነርሚን ያለ ጥያቄ ጭንብል ገዝታ አመጣችለትና ራሷ ከጆሮው ኋላ አሰረችው። ከአሥር ዓመት በኋላ ልጁ ስትነካው የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከጭንብሉ በላይ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር፣ ዓይኑም በቃው።

«ነርሚን፣ ያ ትምህርት...» አለ አንድ ቀን ወደ ግድግዳው እንደ ዞረ። «ተዘጋ በቃ?»

«አልተዘጋም። ዘንድሮ እንደገና እፈተናለሁ። በእማዬ ገንዘብ እሄዳለሁ።»

«ስንት ዓመት ነው?»

«አምስት።»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ላይ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተው።

በሃያ አራተኛው ቀን ሙኔቨር መጣች። በሩና መቀመጫው ገብተዋል፣ ቧንቧው ይወርዳል፣ ትናንት ሦስት ግድግዳ ከነጥጉ አልቆ ነበር፤ ነገ ማብቂያው ነው። ስትገባ ግን የግራው ግድግዳ እስከ ወገቡ ራቁቱን ቆሟል። ሴራሚኮቹ ሳይሰበሩ በጥንቃቄ ተነቅለው፣ ጀርባቸው ተፍቆ ጥግ ላይ ተደርድረዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጠማማ ነበር» አለ ሻኪር።

«ትናንት ውሃ ልክ አስደግፌበታለሁ። ቀጥ ያለ ነበር።»

«ላንቺ ነው። ለኔ ዓይን ጠሟል።»

ሙኔቨር ነርሚንን አየቻት። ነርሚን ውጭ ሆና አንዲት ሴራሚክ ያለ ምክንያት በውሃ ታጥባለች። ሙኔቨር ያኔ ገባት። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሌላ ሰው ሐቅ አዘግይቷል፤ ያን ጊዜ ስለ ጨከነ አዘገየ። አሁን የሚያዘግየው ነገ ሲያልቅ ልጁ ከነገ ወዲያ በስምንት ሰዓት ስለማትመጣ ነው። ለሁለቱም መዘግየት ሕጉ አንድ ስም ነው የሰጠው... ልብ ግን እንዴት ለይቶ ያውቃል!

«ውላችን ሃያ አምስት ቀን ነው» አለችው።

«ዘግይቻለሁ።»

«ልማድህ ነው።»

«ወለድ ጨምሪበት።»

ሙኔቨር ሻሿን አስተካከለች። ፈገግታዋን ለመደበቅ ነው ያሉም አሉ፤ እኔ ግን አልደበቀችውም ባይ ነኝ።

«ጨምሬያለሁ» አለች። «ነገም ትመጣለህ፣ ከነገ ወዲያም። ያ ጥግም ሳይጠምም አይቀርም፤ እየው።»

እንዲህ አድርጎ ሃያ አምስቱ ቀን ሠላሳ ሰባት ሆነ። በኩታህያ ታሪክ እንደዚያ ሽንት ቤት ተለጥፎ የተነቀለ፣ ተነቅሎ የተለጠፈ ግንብ የለም። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን አንዲት ሴራሚክ ብቻ ቀረች፤ ከበሩ ጀርባ፣ ከላይኛው ጥግ። ሻኪር ነርሚን የቆረጠችለትን ሰማያዊ ሴራሚክ በመዳፉ ይዞ ከፍታውን አየ፤ መሰላሉ ሦስት እርከን ነው። «ይቺን ነገ» አለና መስኮቱ ላይ አስቀመጣት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐጀር ለሙኔቨር ደወለች። የዚያች ሴት አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጥቶ ነበር። ሻኪር ጫማውን አድርጎ፣ ማንካውን ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ «ትንሽ ልረፍና እወጣለሁ» ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ከዚያ አልወጣም። ነርሚን ዜናውን የሰማችው ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀለም መርጫው ሥር ቆማ ነው። ማሽኑን ያጠፋው ሌላ ሰው ነው ይባላል። ሰማያዊ ቀለም የነካ እጇን አፏ ላይ እንደ ጫነች ኮረብታ ኮረብታውን ሄደች እንጂ ቤት አልሄደችም። እሱ ለመቶኛ ጊዜ የለጠፈውን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ «ኡስታ» ስትል ከርማለች። ሌላዋን ቃል ለመጨረሻው ቀን አስቀምጣት ነበር እኮ... የመጨረሻዋ ሴራሚክ ስትለጠፍ ልትነግረው! እሷም አዘገየች።

ከቀትር ሶላት በኋላ ሬሳው በመስጊዱ ግቢ የሬሳ ማሳረፊያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ቆሙ። ኢማሙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። በእኛ ዘንድ የሚጠየቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ ሰው የሚቀበረው ከእሱ በኋላ ነው።

«በዚህ ሰው ላይ ያላችሁን ሐቅ ሐላል ትሉለታላችሁ?»

«ሐላል ይሁን» አለ ሕዝቡ።

ሙኔቨር ዝም አለች። አጠገቧ የቆመችው ሐጀር ዞር ብላ አየቻት።

«ሐላል ትሉለታላችሁ?»

«ሐላል ይሁን።»

ሙኔቨር አሁንም ዝም አለች። ከወንዶቹ ሰልፍ ጥቂት አንገቶች ወደ ኋላ ዞሩ፤ ዕዳውን የማያውቅ ሰው በግቢው አልነበረም። ሐጀር እጇን ያዘቻት። «ሙኔቨር፣ ለፈጣሪ ብለሽ» አለች በሹክሹክታ። «ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ኢማሙ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ሕዝቡ ግን አልመለሰም፤ ሁሉም አንዲትን ሴት ይጠብቅ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሙኔቨር ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ገበያ ላይ መልስ እንደተቀበለ ሰው የተናገረችው።

«ዋናውን ተቀብያለሁ። ወለዱንም ተቀብያለሁ። አሥራ ሁለት ቀን ትርፍ ሠርቷል፤ እሱ የኔ ዕዳ ነው። አንዲት ሴራሚክ ቀርታዋለች፤ እሷን እኔ እለጥፋለሁ።» ወደ ድንጋዩ አየች። «ሐላል ይሁንለት። እሱም ለኔ ሐላል ይበል።»

ነርሚን ያኔ ነው የተናገረችው፤ ለሕዝቡ አይደለም፣ ለድንጋዩ ነው።

«አባባ» አለች።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወርድ ሁለቱ ቀሩ። ነርሚን ሲሚንቶ አቦካች፤ ሙኔቨር በልቅሶ ቀሚሷ መሰላሉን ወጣች። ሰማያዊዋን ሴራሚክ በሁለት እጇ ጥጉ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ያዘቻት። ሴራሚክ አንጣፊ አግብታ ኖራ በዕድሜዋ አንድ አልለጠፈችም። ነርሚን ከታች ውሃ ልኩን አቀበለቻት፤ አረፋዋ መሃሉን አልፋ ወደ ግራ ሸሸች።

«ጠማማ ናት እማዬ። ሳትደርቅ ላስተካክላት?»

ሙኔቨር መዳፏን ከሴራሚኳ ላይ አነሣች።

«ተያት» አለች። «ጠማማ ስትሆን ነው ሌላ ቀን የምታስመጣው።»

ዕጣ ፈንታ ምን ዓይነት ባለዕዳ ነው? ቀኑን አያከብርም፣ ማስጠንቀቂያ አይፈራም፣ አምባር ያስሸጣል፣ ሻንጣ ያስፈታል፤ ከዚያ ማንም በማይጠብቀው ቀን ጢሙን ተላጭቶ ይመጣና ያለውን ሁሉ በር ላይ ያፈስሳል። ጊዜው አልፎበታል ልንለው አንችልም፤ በቅቶናል ልንለውም አንችልም። ነርሚን ፈተናውን አልፋ በመስከረም ወደ አንካራ ሄደች፤ ከክፍሏ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ናት ይላሉ። ሙኔቨርም የሻሽ ዳር እየጠለፈች አለች። በኢድ ዋዜማ ኮረብታውን የሚወጡ አሮጊቶች ነጩና ሰማያዊው ክፍል በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እየወጡም እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ «የሠራውን ነፍሱን ይማር» ይላሉ። ከመካከላቸው ዓይነ ስል የሆነች አንዷ ሁልጊዜ ቀና ትልና ከበሩ ጀርባ ያለችውን የመጨረሻዋን ሴራሚክ አይታ «ምነው ይቺን ብቻ አበላሿት?» ብላ ትጠይቃለች። ሙኔቨር ወረፋው ውስጥ ካለች ትሰማለች። ተራዋ ሲደርስ ገብታ በሩን ትዘጋለች።